ኮሪያ ስፓ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄጂው

«ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኮሪያ ስፓ ልንሄድ ነው። እውነት ራቁት ነው የሚገባው? ምን ይዘን እንሂድ?» ላልሽው እህቴ፣ እኛም እዚሁ ቨርጂኒያ ሴንተርቪል ያለው በጓደኛ ጉትጎታ ገብተን ነው የለመድነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

አዎ፣ ራቁት ነው። ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። ሻወሩ፣ ገንዳውና ስቲሙ ያለበት ክፍል የሴትና የወንድ ለየብቻ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ በዋና ልብስ መግባት አይፈቀድም። ትኩስ ክፍሎቹና ምግቡ ያሉበት ደግሞ ወንድ ሴት ሳይል ሁሉም የሚገናኝበት ነው። እዚያ ስትገቢ የሚሰጡሽን ቲሸርትና ቁምጣ ትለብሻለሽ። ወንዶች አብረዋችሁ ከመጡ የምትገናኙት እዚያ ነው።

እውነቱን ለመናገር የሚከብደው የማታውቂው ሰው አይደለም፤ ጓደኛሽ ናት። የእኛዎቹ መጀመሪያ ላይ ጣራ ጣራውን እያዩ ነበር የሚያወሩት። ፎጣው እንደሆነ ትንሽዬ ናት፤ ከላይ ስትሸፍኚ ከታች ይቀራል። ግን አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሲታጠቡ ስታዪ፣ ዞሮ የሚያይሽም እንደሌለ ሲገባሽ፣ ሳታውቂው ትረሺዋለሽ። ገንዳው ውስጥ ገብታችሁ ወሬ ከጀመራችሁማ አለቀ።

ገንዳ ከመግባትሽ በፊት በሳሙና በደንብ ታጠቢ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ፀጉርሽንም ከፍ አድርገሽ እሰሪው። ስልክ እዚያ ክፍል አይገባም፣ ሎከር ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ገላ መፈተጉን እንዳትተዉት! እኔ ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን እይዛለሁ። እንደደረሳችሁ ተመዝገቡ፣ ቅዳሜ ወረፋ አለው። ተራሽ እስኪደርስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆዪ፤ ቆዳው ካልራሰ አይለቅም። ከዚያ በሎከር ቁጥርሽ ይጠሩሻል። ጥቁር የውስጥ ልብስ የለበሱ ጠና ያሉ ሴትዮ ፕላስቲክ የለበሰ አልጋ ላይ ያስተኙሽና ሻካራ ጓንት አጥልቀው ይጀምራሉ። እድፉ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይወርዳል። በየቀኑ ብትታጠቢም ይወጣል፣ አትደንግጪ፤ የሞተ ቆዳ ነው። ጎንሽን መታ ሲያደርጉሽ «ዙሪ» ማለታቸው ነው። ካመመሽ «ቀስ» በያቸው፣ አይከፋቸውም። በዋዜማው ፀጉር አትላጪ፣ ያቃጥልሻል። ለቲፕ ጥሬ ገንዘብ ያዢ።

ከዚያ የሰጧችሁን ቲሸርትና ቁምጣ ለብሳችሁ ትኩስ ክፍሎቹን ተዟዟሩ። የጨው አለ፣ የሸክላ አፈር አለ፣ በመጨረሻ የበረዶ ክፍል አለ። የሙቀቱ ልክ በሩ ላይ ይጻፋል፤ ከዝቅተኛው ጀምሩ። ውሃ በብዛት ጠጡ። እርጉዝ ወይም የደም ግፊት ያለባት ካለች ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትግባ። ፀጉራችሁን ተተኩሳችሁ ደግሞ እንዳትሄዱ፣ በላብ ይመለሳል። ማታ ሰርግ ካለባችሁ ሌላ ቀን አድርጉት።

ምግቡ ጥሩ ነው። ሲክሄ የሚሉት ቀዝቃዛ መጠጥ ከሩዝና ከገብስ ብቅል የሚሠራ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ አያሰክርም፣ ለጾምም ይሆናል። ኪምቺ የሚሉት በቅመም የተብላላ ጎመን ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል፤ ዓሣ የማይበላ ጿሚ ካለ ይጠይቅ። ቢቢምባፕ የሚሉትን ሩዝ በአትክልት ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ብትሉ ይሠሩላችኋል።

ስትጨርሺ የምትቀቢው ሎሽን ያዢ፤ ቆዳሽ ይደርቃል። ሌላ ብዙ መሸከም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትበሉትና የምታሠሩት እጃችሁ ላይ ባለው የሎከር ቁልፍ ቁጥር ይመዘገብና ስትወጡ ይከፈላል። መጋበዝ ካሰብሽ ስታዢ ጀምረሽ በአንቺ ቁጥር አስመዝግቢው፤ ያለዚያ መውጫው ላይ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ እኔ ልክፈል» ስትባባሉ ከኋላችሁ ሰልፉ ይረዝማል።