መልስ፦ በመጸው ለአንድ ቀን በመኪና ገጠር መውጣት

ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት በመኪና ገጠር ልውጣ፣ መቼ ልነሳ ላልከው፦ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ባለበት ሰሞን ሂድ፣ ቀዩ የሚደምቀው ያኔ ነው። ጠዋት ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቅ። በጉም ረጅሙን መብራት እንዳታበራ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሁሉም በላይ ግን የረገፈ እርጥብ ቅጠል ተጠንቀቅ። ባለፈው ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ሸርተት አለችብኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ! ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል እንጂ ሙልጭልጭ ያለ ነው፣ ጉድጓዱንም የመንገዱን መስመርም ይሸፍናል፣ ስለዚህ ኩርባው ጋ ሳትደርስ ፍጥነት ቀንስ። ትራክተር ከፊትህ ቢገባ አትናደድ፣ ለማየት አይደል የወጣኸው? ስትመለስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ልትመጣብህ ስለምትችል የፊት መስታወቱን ከውስጥም ጥረገው።