ማግኔት የሳበው ድንጋይ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም

ጥያቄ፦ ማሳ ስናርስ የጭብጥ ያህል ጥቁር ድንጋይ አገኘን። ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል፣ ማግኔት ይይዛል፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ጎረቤቶቻችን ሜቲዮራይት ነው፣ ብዙ ብር ያወጣል ይሉናል። በምን እናረጋግጥ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከገለጹልን ምልክቶች የሚያጠራጥረን ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ የሚቀረው ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ ውስጡ ታስሮ ነው፤ ሜቲዮራይቶች ግን ከጥቂቶች በቀር ድፍን ናቸው። ማግኔት መያዙም ብቻውን አያሳምንም። የአገራችን ደጋ ሰፊው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው፤ ባዛልት ውስጥ ደግሞ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን አለ።

ቢሆንም ሳይለኩ አይጣሉት። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ደረቁን ድንጋይ መዝነው ይጻፉ። ከዚያ ውኃ የያዘ ጆግ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ንባቡን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ድንጋዩን በክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። የጆጉን ታች ከነካ ንባቡ ከፍ ይልና ስሌቱ ይበላሻል። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ያካፍሉ፤ ውጤቱ ድንጋዩ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይናገራል። 420 ግራም መዝኖ ሁለተኛው ንባብ 150 ቢሆን 2.8 ይመጣል፣ ይህ የባዛልት ክብደት ነው። 120 ቢሆን 3.5 ይሆናል፤ አብዛኞቹ ድንጋያማ ሜቲዮራይቶች እዚህ አካባቢ ስለሚውሉ መቀጠል ያዋጣል። 5 ከተጠጋ ማግኔታይት ወይም ሄማታይት የተባለውን ሌላ የብረት ማዕድን ይጠርጥሩ። የብረት ሜቲዮራይት 8 ይጠጋል፤ በጎረቤት ሶማሊያ ኤል አሊ አጠገብ የተገኘው 15 ቶን ገደማ የሚመዝነው ከዚህ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ድንጋዩን በወለል ሴራሚክ ጀርባ፣ ባልተለበጠው በኩል፣ ጫን አድርገው ይፈትጉት። ቀይ ቡናማ መስመር ከተወ ሄማታይት ነው፣ ደማቅ ጥቁር ከተወ ማግኔታይት። ሜቲዮራይት ብዙውን ጊዜ ምንም አይተውም፣ ቢተውም ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው።

እስካሁን ካለፈ፣ ጥጉን የጥፍር ያህል በሞረድ ሞርደው በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። እንደ ብር የሚያበሩ የብረት ቅንጣቶች ተበትነው ከታዩ፣ አጠገባቸውም ጤፍ የሚያካክሉ ድብልብል ፍሬዎች ካሉ፣ ነገሩ የምር ሆኗል። የላዩ ጥቁር ቅርፊትም ከ1 ሚሊሜትር መሳሳት አለበት።

አደራ፣ ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ዓይነት ኃይለኛ ማግኔት አያስጠጉት። ድንጋዩ ከጥንት ይዞት የመጣውን የመግነጢስ አሻራ ይደመስሰዋል፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ማስጠጋት ይበቃል። አሲድም አያፍስሱበት።

ሦስቱንም ፈተና ካለፈ የተሞረደውን ገጽ ከሳንቲም ጋር ፎቶ አንስተው፣ ልኬቱን ጨምረው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ቤት ያሳዩ። የሜቲዮራይት ብረት መለያ የሆነው ኒኬል መኖሩን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ መዝገብ እንዲገባ 20 ግራም፣ ትንሽ ድንጋይ ከሆነ ከክብደቱ 20 በመቶ፣ ለምርምር ተቋም ይሰጣል፤ ስለዚህ ሳይመረመር ቆራርሰው አይሽጡት።