«ብር» እና ቁጥሩ በኤክሴል አልሰለፍ ሲሉ

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «የዕድራችንን መዋጮ በኤክሴል እይዛለሁ። አንዱ መስመር ላይ ብር የሚለው ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል፣ ሌላው ላይ የሴሉ ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በስፔስ እየገፋሁ ላስተካክል ብል ጭራሽ ባሰበት። ሊቀመንበሩ ደግሞ ፕሪንት አድርገሽ ለጥፊ እያሉኝ ነው።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስፔሱን ተዪው። በስፔስ የተሰለፈ ቁጥር ኮለሙ ትንሽ ሲሰፋ ወይም ፎንቱ ሲቀየር ወዲያው ይበተናል።

መልኩን ከማሳመራችን በፊት ግን ድምርሽን እንይ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ብር 200» ብለሽ በእጅሽ የጻፍሽበት ሴል ካለ ኤክሴል እንደ ቁጥር አያየውም፣ ለሱ ጽሑፍ ነው። ሲደምር ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም። 12 አባላት 200፣ 200 ብር ከፍለው የሦስቱን «ብር» ጨምረሽ ጽፈሽው ከሆነ 2,400 መሆን የነበረበት ድምር 1,800 ይልሻል። 600 ብር ጎድሎ ዕድር ስብሰባ ላይ መቆም ምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ለማጣራት የገንዘቡን ኮለም ብቻ ምረጪና ሆም ላይ የበራ የአሰላለፍ ቁልፍ ካለ አጥፊው። ቁጥር የሆነው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጽሑፍ የሆነው ግራ ላይ ይቀራል። ግራ የቀረ ካለ ኮለሙን እንደመረጥሽ ኮንትሮልና ኤች ተጫኚ፣ «ብር» የሚለውን በባዶ ተኪ፣ ቀጥሎ ስፔሱንም በባዶ ተኪ። ኮለሙን ሳትመርጪ ካደረግሽው የአባላቱ ስምና የአባት ስም ይጣበቅብሻል፣ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኤክሴል ሁለት የገንዘብ ፎርማት አለው። ከረንሲ የሚባለው ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር ያጣብቃል፣ ስለዚህ 300 እና 12,450 ላይ «ብር» የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። አካውንቲንግ የሚባለው ምልክቱን ግራ ጫፍ፣ ቁጥሩን ቀኝ ጫፍ ያደርጋል። ያንቺ ኮለም ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል። ለሂሳብ መዝገብ አካውንቲንግ ይሻልሻል። «ብር» በአማርኛ እንዲወጣ ኮለሙን ምረጪ፣ ኮንትሮልና 1 ተጫኚ፣ ነምበር ከሚለው ከስተም ውስጥ ግቢና ታይፕ በሚለው ሳጥን ይህን አስገቢ፦

_("ብር"* #,##0.00_);_("ብር"* (#,##0.00);_("ብር"* "-"??_);_(@_)

አስፈሪ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኮከቧና ከኋላዋ ያለችው ስፔስ «መሃሉን በባዶ ቦታ ሙላው» ማለት ናቸው፤ አንቺ በጣትሽ ስትገፊው የነበረውን ሥራ እነሱ ይሠሩልሻል፣ ኮለሙ ቢሰፋም ቢጠብም። ስፔሷን እንዳትረሺያት። ከግርጌ ሰረዙ (_) ቀጥሎ ያለው መዝጊያ ቅንፍ ደግሞ ቁጥሩ በስተቀኝ የቅንፍ ስፋት ያህል ቦታ እንዲተው ያደርጋል። ለለቅሶ ያወጣችሁትን በኔጌቲቭ ስትመዘግቢ በቅንፍ ይወጣልሻል፣ (4,000.00) ተብሎ፣ ያም ሆኖ ነጥቡ ከመዋጮው ነጥብ ሥር ልክ ይገጥማል። ዜሮ ደግሞ ሰረዝ ሆኖ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኪቦርዱን አማርኛ ላይ እንዳለ ሲጽፈው ነው። «፣» እና «፤» ለኤክሴል ኮማና ሴሚኮለን አይደሉም፣ የአማርኛው ትእምርተ ጥቅስም አይሠራም። «ብር» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ ጻፊ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛው ኪቦርድ።

ደግሞ በየመስመሩ «ብር፣ ብር፣ ብር» ባይደረደር እመክርሻለሁ፣ ዓይን ያደክማል። የመጀመሪያው መስመርና ድምሩ ላይ ይበቃል። መሃል ያሉትን መርጠሽ ሆም ላይ የኮማ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኚ፤ እሱ ምልክት የሌለው አካውንቲንግ ስለሆነ አሃዙ ከላይና ከታች ጋር ይገጥማል። ነምበር የሚለውን ፎርማት ከመረጥሽ ግን የቅንፉን ቦታ ስለማይተው ቁጥሮቹ ትንሽ ወደ ቀኝ ወጣ ይሉብሻል። ብዙ ሰው ፕሪንት ካደረገ በኋላ «ምኑ ነው የተንሻፈፈው?» እያለ የሚፈልገው ይሄንን ነው።

ሴንተር ብትጫኚ ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ኮከቧ ሴሉን ስለሞላችው ነውና አትታገዪ። #### ካየሽ ኮለሙ ጠቦ ነው፣ አስፊው።

ስልኩ ላይ ወይም ጉግል ሺትስ ላይ የሚሠራ ሌላ የኮሚቴ አባል ካለ ፋይሉን ሳትሰጪው በፊት አንድ ነገር ንገሪው፦ ቁጥሩን ብቻ ይጻፍ፣ «ብር» ራሱ ይመጣል። ጉግል ሺትስ ላይ አዲስ የሚጀምር ከሆነም ያው ከላይ ያለው ኮድ ይሠራለታል፤ በኮምፒውተር ከፍቶ ፎርማት፣ ነምበር፣ ከስተም ነምበር ፎርማት በሚለው ገብቶ ይለጥፈው።