ጭን ሲደነዝዝ መጀመሪያ ቀበቶውን እዩ

ሰሞኑን ስለ ጭን መደንዘዝ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

"የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ቀኝ ጭኔን በውጪ በኩል ያቃጥለኛል፤ ስነካው ደግሞ የሌላ ሰው ቆዳ ይመስለኛል። ዲስክ ይሆን?"

ወንድሜ፣ እግርህ ካልዛለ፣ ሕመሙም ከጉልበት በታች ካልወረደ፣ ስትቆም ብሶ ስትቀመጥ ቀለል ካለህ ዲስክ ላይሆን ይችላል። የጭንን የውጪ ጎን ስሜት የሚያደርስ አንድ ነርቭ አለ። ከወገብ ተነስቶ በብሽሽት፣ በዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ በጠባብ ቦታ ሾልኮ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ሲጨፈለቅ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፣ እንደ መርፌ ይወጋል። ሐኪሞች ሜራልጂያ ፓሬስቴቲካ ይሉታል። ነርቩ ስሜት እንጂ ጡንቻ አያዝም፤ ስለዚህ ሽባ እሆናለሁ ብለህ እንቅልፍ አትጣ። ዱላና ሬዲዮ ተንጠልጥሎበት ቀኑን ሙሉ የምትታጠቀውን ቀበቶ ግን አላላው። ጠባብ ጂንስም ተው። ክብደት ጨምረህ ከሆነ መቀነሱ በጣም ይረዳል። ጥቂት ሳምንት ሞክረህ ካልተሻለህ ሐኪም ጋ ሄደህ ታይ።

"የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ግራ ጭኔ ደነዘዘ። ልጁን ይጎዳዋል?"

አይጎዳውም እህቴ። ሆድ ሲገፋ ያው ነርቭ ይጫናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። ለክትትል ስትሄጂ ግን ንገሪያቸው። ከወለድሽ በኋላ እናቶች መቀነቱን ጥብቅ አድርገው ሊያስሩልሽ ሲነሱ፣ በፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ "ላላ አድርጉልኝ" በያቸው።

"ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ሦስት ጊዜ ተወጋሁ፤ ምንም አልለወጠም።"

የነርቭ ሕመም ለእንዲህ ዓይነት ማስታገሻ ብዙም አይመለስም። ሲደጋገም ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ እባክህ አቁም። ሐኪም ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚባሉ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችን ሊያዝልህ ይችላል። እነዚህ በአንድ ቀን አይሠሩም፣ ቀስ በቀስ ነው፤ እንቅልፍም ያመጣሉ፣ መኪና የምትነዳ ከሆነ ተጠንቀቅ። ካልሆነ ነርቩ አጠገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ መርፌ አለ። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው።

"እናቴ ስኳር አለባት። ጭኗ ሲደነዝዝ ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርጌ አስቀምጥላታለሁ።"

ተው! የደነዘዘ ቆዳ ሙቀቱን በደንብ አይለይም፤ ሳታውቀው ትቃጠላለች፣ የስኳር ሰው ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ስኳሩ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደች ከሆነም ቫይታሚን ቢ12 አንሷት ሊሆን ይችላል። ደሟ ይመርመር።

"መቼ ነው መደንገጥ ያለብኝ?"

መደንዘዙ ወደ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከመጣ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለሽ፣ እግርሽ እየከዳሽ ከሆነ፣ ይህ የጭኑ ነርቭ ጉዳይ አይደለም። ወጌሻ ጋ አትሂጂ፣ ነገንም አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።