መጋረጃው ሊገለጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ነገ ምሽት እዚሁ ደብረ ብርሃን አዲሱ ተውኔታችን ለሕዝብ ይቀርባል። ከሠላሳ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ብቆምም ዋዜማውን ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም፤ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ከልምምድ ስንወጣ ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ቃሌ ቢጠፋብኝስ?» አለኝ። እኔም በመጀመሪያው ትዕይንቴ ዋዜማ ይኸው ጭንቀት ነበረብኝና ቃለ ተውኔቴን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት። የያዝሁት ግን የራሴን ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ንግግር ተራዬ እስኪደርስ የምታገሠው ነገር ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ገቢር እናቴን ሆና የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት አንድ ዐረፍተ ነገር ዘለለች፤ የምጠብቀው ቃል ስላልመጣም ደርቄ ቆምሁ። እርሷ ከረከቦቱ ስኒ እያነሣች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ፣ «ምነው ልጄ፣ የጠየቅሁህን አልሰማህም?» አለችኝ። ተመልካቹ የተውኔቱ አካል መሰለው። ለዓመታት ጥፋቱን በእርሷ ላይ እያላከክሁ ኖሬ ነበር፤ ኋላ ግን የተናገረችው እውነት መሆኑን ተረዳሁ፤ አልሰማኋትም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጽሑፉን ከገለጣችሁ የራሳችሁን መስመር ተዉትና ፊት ለፊታችሁ የሚቆመው ሰው የሚላችሁን አንብቡ፤ የተጠየቀውን በውል የሰማ ሰው፣ ቃሉ ቢጠፋበት እንኳ የሚመልሰው አያጣም። አዲስ እንቅስቃሴ ወይም አዲስ ቀልድ በዋዜማው አትጨምሩ፤ ባልደረባችሁ አልተለማመደበትምና።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ የምሽቱ ብርድ ጉሮሮን ይይዛል፤ ለብ ያለ ውኃ እየጠጣችሁ ድምፃችሁን አስቀድማችሁ አሟሙቁ። ደግሞም በባዶው አዳራሽ ሲያስተጋባ የሰማችሁት ድምፅ ነገ አይገኝም፤ ጋቢና ካፖርት የደረበ ሕዝብ ሲሞላው ድምፁን ይውጠዋል። ያን ጊዜ አትጩኹ፤ የቃሉን መጨረሻ ሳትበሉ አጥርታችሁ ተናገሩ። የመንዙን በርኖስ የምትለብሰውም ልጅ በነጠላ ጃኬት መለማመድህን አልወደድሁልህም፤ የበግ ጠጉር ክብደት አረማመድን ይለውጣል።

ተመልካቹን አትናቁት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ተውኔት እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን አይተው በአውሬዎች ተረት የሹማምንቱን ጥፋት ቢያሳዩ ሥራቸው ታገደ። (ባይሰሙት ኖሮ ባልከለከሉት፤ እኔ እንዲያውም እንደ ጥሩ አድናቆት እቈጥረዋለሁ።) የእርሳቸው አገር ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ነገ ፊታችን የሚቀመጡት፤ ቅኔም፣ ሽሙጥም፣ ፌዝም ለይተው ያውቃሉ። የሚሥቁበትን ጊዜ ስጧቸው፤ ሣቃቸውንም ጨርሰው ዝም እስኪሉ ቀጣዩን ቃል ያዙት።

ነገ በዐሥር ሰዓት አዳራሹ እንገናኝ። በርኖሱን ለብሰህ ና፤ ከመንገድ ጀምረህ ተለማመድበት።