ሒሳቡን ልከተል ወይስ ሰውየውን?

«ፖከር ስጫወት ሶልቨር (ሚዛናዊውን አጨዋወት የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚለውን ልከተል ወይስ የተቃራኒዬን ድክመት ላጥቃ?» ላልከው፣ እኔ ሁለቱን ማፎካከር ከተውኩ ቆየሁ። ሒሳቡ መለኪያ ነው። ልኩን ካላወቅክ ሰውየው ፎልድ (ካርታውን ጥሎ መሸሽ) እንደሚያበዛ በምን ታውቃለህ?

በቁጥር እንየው። ሪቨር (ጠረጴዛው ላይ የሚገለጠው የመጨረሻ ካርታ) ላይ ፖቱ (መሃል የተጠራቀመው ገንዘብ) 100 ነው፤ አንተ 50 አስያዝክ። ብለፉ (ደካማ እጅ ይዘህ በውርርድ ማስፈራራትህ) ከ3 አንዴ ከሠራልህ አትከስርም። ስለዚህ ተቃራኒህ ከ3 ሁለቴ ያህል አልሸሽም ማለት አለበት። አሁን ከ100 ጊዜ 60 ጊዜ የሚሸሽ ሰው ገጠመህ እንበል። 60 ጊዜ 100 ትወስዳለህ፣ 40 ጊዜ 50 ትከፍላለህ። በአማካይ በአንድ ብለፍ 40 ታተርፋለህ፤ ያውም ባዶ እጅ ይዘህ! እዚህ ጋ «ባላንሴን (የብለፍና የጠንካራ እጅ ምጣኔዬን) ልጠብቅ» ብሎ ነገር የለም።

ምንም ቢመጣ ኮል የሚል (ውርርዱን እኩል ከፍሎ የሚቀበል) ሰውም አለ። እሱ ላይ ብለፍ እርግፍ አድርገህ ተው። መካከለኛ እጅ ይዘህም አስይዝ፤ ጠንካራ ሲመጣልህ ደግሞ መጠኑን ከፍ አድርግ። ብዙ ሰው ብለፉን ያቆምና ይቺን ሁለተኛዋን ይረሳታል። ትልቁ ገንዘብ ግን እሷ ጋ ነው።

አስቸጋሪው ማስረጃው ነው። ሰው ሁለቴ ስለሸሸ ፈሪ አይባልም፤ ካርታ አልመጣለት ይሆናል። እኔ ከፎልዱ ይልቅ ተገልጦ ያየሁትን ካርታ አምናለሁ። ትልቅ ውርርድ መጥቶበት በትንሽ ጥንድ ኮል ያለ ሰው ብዙ ነግሮሃል። ያየኸው ጥቂት ከሆነ ከሒሳቡ ትንሽ ብቻ ፈቀቅ በል፤ እየበዛ ሲሄድ ጨምር። እሱም ነቅቶ መልስ መስጠት ከጀመረ ቶሎ ተመለስ። ብለፍ ስታበዛ አንተም ለኮል ተጋልጠሃልና።

የማታውቀው ሰው ወይም ጎበዝ ተጫዋች ፊት ከሆንክ ግን ሒሳቡ ላይ ቆይ። ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2017 አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ ሲያሸንፍ የእነሱን ድክመት እያሳደደ አልነበረም። ማታ ማታ የሚደፍነው የራሱን ቀዳዳ ነበር።

ዝቅተኛ ገንዘብ በሚያዝበት ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ነገር ሰውየውን ሳላውቀውም አደርጋለሁ። ዝምተኛ ተጫዋች ሪቨር ላይ ድንገት በትልቁ ሬይዝ ካደረገብኝ (ውርርዴን ከፍ ካደረገው)፣ ሶልቨሩ አንዳንዴ ኮል በል በሚለኝ እጅ ሁሉ እሸሻለሁ። እዚያ ደረጃ ላይ በዚያ ቦታ ብለፍ የሚያደርግ ሰው ብዙም አላየሁም።