የአባዬን መርሴዲስ ቀለም ላስቀባት?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አባዬ አምና ካረፈ በኋላ 280 ኤስ መርሴዲሱ ለኔና ለወንድሜ ደረሰችን፣ የ1970 ሞዴል ናት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከእሁድ በቀር አይነዳትም ነበር ሌላውን ቀን ቆርቆሮ ስር ነው ምትቆመው። አሁን ወንድሜ ለሰርግ እናከራያት ብሎ ገራዥ ወሰዳት፣ እነሱ ደግሞ ሙሉ ቀለም ትቀባ፣ ወንበሩ አዲስ ሌዘር ይልበስ፣ የክሩስኮቱ እንጨት ስለተሰነጣጠቀ ስቲከር እንለጥፍበት፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል አውጥተን የሌላ መኪና እንግጠምላት አሉት። እኔ ሆዴ እምቢ ብሎኛል ግን ስለ መኪና ምንም አላውቅም፣ ምን ብዬ ልከራከረው? (የአባቷ ልጅ)

መልስ፦ የአባቷ ልጅ፣ ነፍሱን ይማረው። ሆድሽ ልክ ነው። መጀመሪያ ቁልፉን ከወንድምሽ ተቀበዪና ከዛ ይሄን አንብቢለት።

ከሞተሩ ልጀምር ምክንያቱም አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። እዛ ውስጥ ያለው 2.8 ሊትር ነው፣ 6ቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ የሚመገበው ደግሞ በሁለት ካርቡሬተር ነው (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅሉት)፣ እና ሁለቱ እኩል ካልሳቡ ቆማ ስትሰራ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። "ሞተሩ አልቋል" ተብለው እኔጋ የመጡ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ካርቡሬተር ታጥቦ ተስተካክሎ ካንዴላ ተቀይሮ ወጥተዋል። እነዚህን መኪኖች የሚያውቅ የድሮ መካኒክ ፈልጊ፣ አዳማ ሽማግሌ መካኒክ አታጣም።

ቀለሙ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። የዛን ዘመን ወጥ ቀለም እንደ ዛሬው ላዩ ላይ ግልጽ ቫርኒሽ የለውም፣ የምታዪው ራሱ ቀለሙ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገሽ ከኮፈኑ ጥግ ቀስ ብለሽ እሺው፣ ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ግልጽ ቫርኒሽ አልተቀባባትም ማለት ነው፣ ከፋብሪካ የመጣው ቀለም የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። ቀጥለሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሮቹን ዳሺ፣ የማይዝበት ቦታ ካለ እዛ ስር ስቱኮ አለ። ኮፈኑን ስትከፍቺ ከራዲያተሩ በላይ ያለው ብረት ላይ ትንሽ ሳህን አለች፣ የቀለም ቁጥሩ እሷ ላይ ተመቷል፣ አንድ በር ብቻ መነካካት ካለበት በዛ ቁጥር ይበጠበጣል። ደብዝዟል እንጂ አልሞተም ቀለሙ፣ በእጅ ፖሊሽ ይመለሳል፣ ግን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስስ ስለሆነ እዛ አትበርቺበት። እኔ በወጣትነቴ አንዷን ሙሉ ቀለም አስቀብቼ ነበር፣ ባትላሜራው የመስኮቱን ጎማና ኒኬሉን ሳይነቅል ላዩ ላይ ነፋበት፣ ሊገዛኝ የመጣው ሰውዬ የበሩን ጎማ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ጣቱን አሳየኝና ሄደ በቃ።

እንጨቱ እንጨት ነው፣ እውነተኛ። ከአንድ ሚሊሜትር የማይወፍር የዛፍ ልጣጭ በሌላ እንጨት ላይ የተለጠፈ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ልጣጩ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ ነው፣ የአዳማ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ትጠብሰዋለቻ። ጥሩ የቤት ዕቃ ሰሪ ፈትቶ፣ ቫርኒሹን አንስቶ፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት በእጁ ዳስሶ ይቀባዋል። ማሽን ካነሳ ግን ቀሚው ከእጁ፣ ልጣጩን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ወንበሩን ደግሞ ሌዘር ነው ብላችሁ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ፋብሪካው ቆዳ የሚመስል በጣም ጠንካራ ፕላስቲክም ያለብስ ነበር። ከስር ጫፉን ገልጠሽ ጀርባውን እዪ፣ ጨርቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ነው በሳሙና ውሃ ይበቃዋል፣ ጸጉራም ሻካራ ከሆነ ቆዳ ነው ቅባት ይፈልጋል። ውስጡ ያለው ሞላና በጎማ የተያያዘ የፈረስ ጸጉር ነው፣ ልብስ ሰፊው ያን አውጥቶ ስፖንጅ ቢሞላበት ድሮ የአባትሽን ወገብ ያሳረፈው ነገር ሄደ።

አትቀይሩ ስል ግን ሁሉንም አይደለም። ዓይን የሚያየውን ጠብቁት፣ ነፍስ የሚጠብቀውን ቀይሩት። ቤንዚን የሚያልፍባቸው የጎማ ቱቦዎች ካረጁ እሳት ናቸው፣ ዛሬውኑ ይቀየሩ። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አላት፣ ዘይቱ በ2 ዓመት ይቀየር። ጎማው ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ፈልጊ፣ 2312 ቢል በፈረንጆቹ 2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጣሉት። ከፊት እግሯ ደግሞ በየ5000 ኪሎሜትር ግራሶ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ የዛሬ ልጆች ስለማያውቋቸው ይዘሏቸዋል።

እንዲህ ያለችው ሞዴል ጀርመን ሲንደልፊንገን በፈረንጆቹ ከ1965 እስከ 1972 ነው የተሠራችው፣ ቅርጿን ያወጣው ፈረንሳዊው ፖል ብራክ ነው፣ ያ ረዘም ያለ መስኮትና ቀጭን ምሰሶ የሱ እጅ ነው። ዕቃ ከጠፋባችሁ መርሴዲስ ለድሮ መኪኖቹ ብቻ የከፈተው ማዕከል አለ፣ በሻንሲ ቁጥር ይጠየቃል፣ ርካሽ ነው አልልሽም።

አንድ ነገር ግን ተመስገን በይ፣ ጂቡቲ ወይ ምጽዋ ኖራ ቢሆን የባህር ጨው በልቷት ነበር፣ የአዳማ ደረቅ አየር ነው ያተረፋት። የአዳማ ጠላቷ አቧራ ነው። ያን ሁሉ ተርባይን የሚያዞር ንፋስ አሸዋውን ኮፈኑ ላይ ያራግፈዋል፣ ጠዋት ተነስቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። ውሃ መጀመሪያ፣ ጨርቅ በኋላ።

ሰርጉን ለወንድምሽ ፍቀጂለት፣ መቆም ለመኪና ጥሩ አይደለም። ሪባኑ ግን በፕላስተር አይለጠፍ፣ ፕላስተሩ ሲነሳ የድሮ ቀለም ይዞ ይነሳል፣ ከእጀታና ከፓራውልት ጋር ይታሰር። ከዛ በፊት ደግሞ ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ሰርገኛው ክላክስ እየነፋ ከባጃጁ ኋላ እየተሳበ ፖስታ ቤት ጋ ሲደርስ በዛ ሙቀት ሙሽሮቹን ይዛ እንዳትፈላ።